የቅርብ መነጽር

ፈረንጅ አራዳ፣ ከፋርማሲው ጎን፣
መነጽር እሸጣለሁ፣ እለካለሁ ዓይን።
ሐምሌ ነው፤ የጅማ ሰማይ እንደ ልማዱ
ከጠዋት ያወርዳል፣ ጭቃ ሆኗል መንገዱ።
ባጃጆች ውሃውን እየረጩ ያልፋሉ፤
ሰዎች ለመጠለል ደጄ ይቆማሉ።

አንዱ ግን ገባ። ጃንጥላውን አጠፈ፤
ጭቃውን ከጫማው በሩ ላይ አራገፈ።
«ዓይኔ…» አለ፣ «ማንበብ አልቻልኩም ሰሞኑን፤
እጄን ዘርግቼ ነው የማየው የስልክ ቁጥሩን፤
እጄም አጠረብኝ።»
                ድምፁን ሰማሁት።
ቀና አላልኩም ገና። ድምፁን ለየሁት።

«ተማም ሸሪፍ» አለኝ። «ማ»ን ሁለቴ ጻፍኩ።
«ዕድሜ?»—«ሃምሳ አንድ።» ሁለቱን ደብቋል። ዝም አልኩ።

ከሩቁ ግድግዳ ፊደሉን ጠራልኝ፣
ጉንዳን የሚያህለውን ሳይቀር አነበበልኝ።
ካርዱን ባስጠጋለት ግን፣ ከአፍንጫው አጠገብ፣
እንደ ጨቅላ ሆነ፤ አልቻለም ማንበብ።
«ሩቁን ታያለህ» አልኩ፣ «ቅርቡ ነው ያስቸገረህ።
በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ ምንም አይደል፣ አይክፋህ።»
«ድሮም እንዲህ ነበርኩ» አለኝ በትካዜ፤
«ራውዳ» አለ ቀጥሎ፤ ያወቀኝ ያን ጊዜ።
ወይ ቀድሞ አውቆኝ ነው፤ ለነገሩማ
መነጽር ቤት ሞልቷል በዚህ በጅማ።

አስተማሪ ሆኖ መቱ ሲሄድ ያኔ፣
አዌቱ ድልድይ ላይ ቃል ገባልኝ ለእኔ።
ውሃው ሞልቶ ስለነበር የምንለው አይሰማም፤
ስለዚህ ብዙ ነገር አልተባባልንም።
ጻፈም። አንዲት ወረቀት፣ ከበደሌ መኪና
ጣሪያ ላይ፣ ከጆንያ ጋር ተጭና፣
ርሳ ደረሰችኝ፣ እጥፏ ተጣብቃ፣
ግርጌዋ በሰማያዊ ቀለም ተጨማልቃ፤
ከፍሳሹ ቀጥሎ «…ጠብቂኝ» ይላል።
ከፍሳሹ በታች ምን ቃል ተቀብሯል?
ምንም? ወይስ «አት» አለ? ሁለት ፊደል ብቻ
እኔን ያደረጉኝ የሐሳብ መጫወቻ።
ለአምፖል አነሳሁት፣ አየሁት ለጀንበር፤
በጀርባው ገለበጥኩት፤ አልገባኝም ነገር።
ጽፌ መጠየቅ ነበር። ኩራቴ አሰረኝ፤
«አት» ቢሆንስ ብዬ ማወቁ አስፈራኝ።

ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ሁለት ደግሞ አልጠበቅኩም፣
ግን ሌላ ሰው አላየሁም።
ከዚያ አገባሁ። ደግ ሰው ነበረ፣ አላህ ይማረው፤
ይህን ሱቅ ከነመስታወቱ የተወልኝ እሱ ነው።
አልዋሽም፤ ደብዳቤዋ ግን አልተጣለችም።

ሌንስ እየቀየርኩ፣ አንድ… አንድ ተኩል… ሁለት፣
«የቱ ይሻላል?» እላለሁ፣ ስንዝር ርቄ ከእሱ ፊት።
ሁለት ላይ አስቆመኝ። «አሁን» አለ፣ «አሁን አየሁ።»
ምን እንዳየ አልጠየቅኩም። ሽበቴን ሻሼ ሥር አስገባሁ።

ከዚያ አፌ አመለጠኝ፦
«ከቀለሙ ሥር ምን ነበር የጻፍከው?»

መጀመሪያ አልገባው። ነገርኩት ከሥሩ፦
ዝናቡን፣ መኪናውን፣ ቀለሙን ከነመስመሩ።
ዝም አለ። ከደጅ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋ።
«አላስታውስም» አለ፣ «ልዋሽሽ አልችልም፣ ጠፋ።
ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሁለቱንም ጽፌ ይሆናል፣
አንዱን ከኩራቴ፣ አንዱን ከልቤ፣ ማን ያውቃል?
መልስሽን ስጠብቅ ግን፣ ዝምታሽ ሲረዝም፣
እኔም ‹አት› ብዬ አነበብኩት፤ ሌላ አላሰብኩም።»
መቱ ላይ አግብቶ ነበር። አልበረከተም።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ማንበብ የተማርን ሰዎች!

ደረሰኝ ቆረጥኩለት። «መነጽሩ ሐሙስ ይደርሳል፤
የኸርማታ ገበያ ነው፣ መንገዱ ይጨናነቃል፤
ከሰዓት ና» አልኩት።
ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀ፣ አነበበ፣ አጠፈ፤
ጃንጥላውን ረስቶ በዝናቡ መሃል አለፈ።

«ሐሙስ» ነበር ያልኩት። ማክሰኞ መጣ፣
ጃንጥላውን ሊወስድ፣ ፀሐይዋ ስትወጣ።